በሐይቅ ዳር በትንሽ ሎጅ ስለ ማደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት፣ በደቡብ ወሎ ሐይቅ ዳር አንድ ሁለት ሌሊት ለማደር ያሰቡ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ደጋግመው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ሐይቅ የሚባለው ከተማው ነው ወይስ ውኃው?

ሁለቱም ነው። ከተማው ስሙን የወሰደው ከውኃው ነው፤ ውኃውም ከሌላው ሐይቅ ሁሉ እንዲለይ ሲፈለግ «ሎጎ ሐይቅ» ይባላል። ከተማው በደቡብ ወሎ ዞን፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ውኃው ግን ከአስፋልቱ በስተ ምሥራቅ ገባ ብሎ የተኛ ስለ ሆነ፣ «ሐይቅ አውርደኝ» ብሎ የተሳፈረ ሰው የሚወርደው ከሱቅና ከባጃጅ መካከል እንጂ ከውኃ ዳር አይደለም። ይህን ሳያውቁ የመጡ እንግዶች ሻንጣቸውን እንደ ያዙ «ውኃው የታለ?» ሲሉ ማየት የተለመደ ነው።

ሎጁ ያለው ደሴቱ ላይ ነው?

አይደለም። ደሴት ተብሎ የሚታወቀው መሬት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይዞታ ነው፤ በዚያ ላይ ለመዝናኛ የሚከራይ ክፍል የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ማረፊያዎቹ ያሉት ከገዳሙ ውጭ፣ በዳርቻው ላይ ነው። «ደሴት ላይ አድሬ ልምጣ» ብሎ የተነሣ ሰው እዚህ ላይ ቅር ሊለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ለጸጥታ የመጣ ከሆነ ያጣው ነገር የለም፣ ምክንያቱም ያን ጸጥታ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ገዳሙ ስለ ሆነ ከፊት ለፊቱ ማደር ብቻውን ይበቃል።

በነገራችን ላይ መሬቱ ዛሬ ደሴት አይደለም። የውኃው ወለል ዝቅ እያለ በመሄዱ ከምዕራቡ ዳርቻ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል፤ ስለዚህ ወደ ገዳሙ በእግር ይገባል። ጥንት ግን እውነተኛ ደሴት ነበር። የኢማም አሕመድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ መጀመሪያ በዚህ በኩል ሲያልፍ ቦታው በውኃ የተከበበ ስለ ነበር ወደዚያ ለመሻገር ታንኳ ማሰናዳት አስፈልጎት ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞችም ወደ ገዳሙ የገቡት በታንኳ ተሻግረው ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የደሴቱን አፈጣጠር በሌላ መንገድ ይተርኩታል፦ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ ወደ ፈጣሪዋ ብታለቅስ፣ በዙሪያዋ ያለው ምድር ሁሉ ውኃ ሆኖ እርሷ የተቀመጠችበት ስፍራ ብቻ ደረቅ ቀረ ይባላል።

እንዴት ይደረሳል?

ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ይደርሳል፤ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከማለዳ እስከ አመሻሽ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ማረፊያው ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። ከደሴ መናኸሪያ ወደ ሐይቅ ሚኒባስ አይጠፋም፤ ከሐይቅ ከተማ እስከ ማረፊያው ያለውን በባጃጅ መጨረስ ይቻላል።

አንድ ምክር ብቻ ልጨምር። ከአዲስ አበባ ተነሥተው በዚያው ቀን ሐይቅ ለመድረስ አይጣደፉ። ደሴ አድረው፣ ጠዋት ቁርስዎን በልተው ቢወርዱ፣ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ሲወርዱ አየሩ እንዴት እንደሚለዝብ በገላዎ ያውቁታል፤ ውኃውንም ለመጀመሪያ ጊዜ በብርሃን ያዩታል። በጨለማ የደረሰ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያሳልፈው የመብራት ማብሪያው የት እንዳለ ሲፈልግ ነው።

ማረፊያው ምን ይመስላል? እንደ ሆቴል ነው?

ሎጅ የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። እዚህ ሎጅ ሲባል ጥቂት ክፍሎች፣ አንዳንዴም ጣራቸው ሣር የሆነ ጎጆዎች፣ አንድ የምግብ አዳራሽ፣ ጥላ የሚሰጡ ዛፎችና ወደ ውኃ የሚወርድ ግቢ ማለት ነው። አልጋው ንጹሕ፣ ብርድ ልብሱ በቂ፣ አስተናጋጁ ትሑት ከሆነ ማረፊያው ሥራውን ሠርቷል። የሃያ አራት ሰዓት ሙቅ ውኃ፣ የማይቋረጥ መብራትና ፈጣን ኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አድሮ ሐይቅን ለቀን ብቻ ቢጎበኝ ለራሱም ለአስተናጋጆቹም ይሻላል።

ስልክ ሲደውሉ ሦስት ነገር ለይተው ይጠይቁ፦ ሙቅ ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚኖር፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይኑር አይኑር፣ ክፍሉም ወደ ውኃው ይይ ወይም ወደ መንገዱ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ማረፊያዎቹ በምዕራቡ ዳርቻ ስላሉ ፊቱ ወደ ውኃው የሆነ ክፍል ያገኘ እንግዳ ፀሐይዋ ከማዶ ካሉት ተራሮች ብቅ ስትል ከአልጋው ሳይነሣ ያያታል። ከግቢው ጀርባ ያለው ክፍል የደረሰው ግን የሚያየው የማድ ቤቱን ጭስ ይሆናል፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

በየትኛው ወር መሄድ ይሻላል?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። በመስከረምና በጥቅምት ዙሪያው ለምለም ነው፤ ሰማዩም ስለሚጠራ የአምባሰል ተራሮች ጎልተው ይታያሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ደስ የሚል ቢሆንም ሌሊቱ ይበርዳልና ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ይከብዳል፤ ወደ ውኃው የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ይጨቀያል። የበልጉ ዝናብ ግን መጥቶ የሚሄድ ስለ ሆነ ከጉዞ አያስቀርም።

ከወሩ ይልቅ ቀኑን ይምረጡ ባይ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይም በዓል ሲሆን፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ በመኪና የሚመጣው ወጣት ብዙ ነው፤ የሠርግ ሚዜዎች ፎቶ ለመነሣት የሚወርዱትም ወደዚሁ ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ለጸጥታ የመጣ ሰው ግን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢያድር ግቢውን ለብቻው ሊያገኘው ይችላል። ገዳሙ ደግሞ የራሱ የንግሥ ቀናት አሉት፦ ጥቅምት 17 እና ጥር 1 የቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ምእመናን ከየአቅጣጫው ይመጣሉና፣ ለበረከት ካልሆነ በስተቀር ለዕረፍት አይመረጡም።

ምግቡ ምንድን ነው? ሙስሊምና ክርስቲያን አብረን ብንመጣ እንዴት እንበላለን?

ምግቡ ዓሣ ነው። ሌላም ይሠራል፤ ነገር ግን ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ፓስታ ያዘዘ ሰው ምን ፈልጎ እንደ መጣ አይገባኝም። በሐይቁ ከሚገኙት መካከል ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ዋነኞቹ ናቸው፤ ቆሮሶው ለውኃው ባዕድ የነበረና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ ተጨምሮበት የተራባ ነው። ሙሉው ተጠብሶ፣ ወይም ሥጋው ተለይቶ ጉላሽ፣ ኮተሌትና ዱለት ሆኖ ይቀርባል። ጠዋት የወጣ ዓሣ መኖሩን ጠይቀው ይዘዙ፤ ከትናንት የቆየ ከሆነ ሽሮው ይሻላል። ዝግጅቱ ጊዜ ስለሚወስድ ለምሳ የሚፈልጉትን በቁርስ ሰዓት መናገር ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በወሎ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሙስሊምና ክርስቲያን በሚኖሩበት በዚህ አገር፣ ጓደኛሞች ተያይዘው ሲጓዙ ሥጋ ቤት ላይ ይለያያሉ፤ «የማን ቢላዋ ነው?» ማለት ግድ ነውና። ዓሣ ግን በእስልምና ማረድ አያስፈልገውም፣ በክርስትናም በኩል የባረከው ማን እንደ ሆነ አይጠየቅበትም፤ ስለዚህ ሐይቅ ዳር ሁሉም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። ይህን ያህል ሰው እየተቀላቀለ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ጥንቃቄ የሚፈልግ ሙስሊም እንግዳ ስለ መጥበሻውና ስለ ዘይቱ ቢጠይቅ አስተናጋጁ አይቀየምም፤ ጥያቄው የተለመደ ነው።

በጾም ወራት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ሎጁ አይፈታውም። የሚበሉም የማይበሉም አሉ፤ እርሱ የንስሐ አባትዎ ጉዳይ ነው። በጾም ቀን ዓሣ ያዘዘ እንግዳን የሚገላምጥ አስተናጋጅ አላየሁም፤ የማይበሉትም በያይነቱ አያጡም።

ምን ይዤ ልሂድ?

ጥሬ ገንዘብ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ልብስ፣ ጭቃ የማይፈራ ጫማና የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ለሁለት ቀን ትርፍ አድርገው ይያዙ። በቴሌብር መክፈል የሚቻልባቸው አሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን የታመነው ብር በኪስ ያለው ነው። መታወቂያ መግቢያው ላይ ስለሚጠየቅ የግድ ነው። ነጠላ ወይም ሰፊ ሻርፕ ለሴትም ለወንድም ይጠቅማል፤ ለብርዱም፣ ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለፀሐዩም ያገለግላልና።

ቀኑን ሙሉ ምን እየሠራሁ እውላለሁ?

ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልካቸውን የሚያገላብጡ ሰዎች ናቸው። መልሱ፦ ብዙም ምንም። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ውኃው እንደ መስተዋት ይረጋል፤ አጥማጆች መረባቸውን የሚሰበስቡት፣ ሻላና ይብራም ከዳር ዳር የሚንሸራሸሩት በዚህ ሰዓት ነው። ዓሣ አዳኙን ንስር ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ድምፁ ግን ከሩቅ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ውኃው ይናወጣል፤ ያ የቡና ሰዓት ነው። በወሎ ቡና ከአቦል እስከ በረካ የራሱ ጊዜና ሥርዓት አለው፤ ዕጣኑ ጨሶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ከአስተናጋጆቹ ጋር የሚደረገው ወግ ከማንኛውም አስጎብኚ ይልቅ ስለ አካባቢው ያስተምራል። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቶ «አመሰግናለሁ፣ ይበቃኛል» ብሎ የተነሣ ሰው ቸኩሏል።

በእግር መሄድ ለሚወድ ሰው የዳርቻው መንደሮች መንገድ አላቸው። ገበሬው የዘራውን እንዳይረግጡ፣ ግቢ ሲያልፉም ሰላምታ ሳይሰጡ እንዳያልፉ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ወሎ ውስጥ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ከመጥፎ ቃል ይቆጠራል።

በጀልባ መሄድ ይቻላል? አደጋስ የለውም?

ይቻላል። ዋጋውን ከመሳፈርዎ በፊት፣ የደርሶ መልስ መሆኑን፣ በሰው ይሁን ለጀልባው ሙሉ ጨርሰው ይስማሙ፤ ከጠብ የሚያድነው ይህ ብቻ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አለመሳፈር ይሻላል። ሐይቁ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን በአንዳንድ ቦታ እስከ 80 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ይውጡ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ይመለሱ፤ ባለ ጀልባው «ዛሬ አይሆንም» ካለ አይከራከሩት፣ ውኃውን የሚያውቀው እርሱ ነው።

መዋኘት ይቻላል?

የሚዋኙ ልጆች ያያሉ፤ ይህ ግን ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም። በሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ትል ዳር ዳር በሣርና በቄጠማ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ላይ ካደገ በኋላ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ለመያዝ መዋኘት እንኳ አያስፈልግም፣ እግርን ነክሮ መቀመጥ ይበቃል። ሁለተኛው ምክንያት ጥልቀቱ ነው፤ ውኃው በአንዳንድ ቦታ ከዳር ብዙም ሳይርቁ በድንገት ይጠልቃል። በመሆኑም እኔ አልዋኝም፣ ሌላውንም አላበረታታም። አስቀድሞ የገባ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢመረመር ጥሩ ነው፤ በጊዜ ከታወቀ በሚዋጥ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

ወባስ አለ?

በአገራችን ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ያለ ቦታ ወባማ ሊሆን የሚችል ተደርጎ ይወሰዳል፤ የሐይቁ ዳርቻም ከዚያ በታች ነው። በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አልጋው አጎበር እንዳለው ይጠይቁ፤ አጎበሩ ካለም ቀዳዳ እንደ ሌለው በብርሃን ይዩት። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢሰማዎ ሐይቅ አድረው እንደ ነበር ለሐኪሙ ይንገሩ።

ገዳሙን መጎብኘት ይቻላል? ሴቶችስ?

ወንዶች በገዳሙ ፈቃድ ይገባሉ። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ቅጥር አይገቡም፤ ይህ የጥንት ሥርዓት እንጂ ለቱሪስት የወጣ ደንብ ስላልሆነ በሩ ላይ ክርክር መክፈት ዋጋ የለውም። ባለትዳሮች ይህን ሳያውቁ መጥተው፣ ባልየው ገብቶ ሚስት ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ስትጠብቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። አስቀድመው ቢነጋገሩበት፣ እርሷ በሎጁ ጥላ ሥር ቡናዋን እየጠጣች ትቆያለች፣ ወይም ጉብኝቱ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

የገባ ሰው ምን ዓይነት ምድር ላይ እንደ ገባ ይወቅ። ቤተ ክርስቲያኑ በትውፊት በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ ገዳሙን ታላቅ የትምህርት ቤት ያደረገው ግን በደብረ ዳሞ ተምሮ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደዚህ የመጣው አባ ኢየሱስ ሞዓ ነው። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የሐይቅ አበምኔት በነገሥታቱ ዘመን «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነበር። ለአባ ኢየሱስ ሞዓ የተጻፈው አራቱ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 የተጻፈ መሆኑን ራሱ ስለሚናገር ዘመናቸው በውስጣቸው ከተመዘገበ የኢትዮጵያ ብራናዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ብራናውን አውጥቶ ማሳየት አለማሳየት የገዳሙ ውሳኔ ስለ ሆነ «ካላየሁ አልሄድም» ማለት አይገባም። ጫማ ይወልቃል፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፣ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ አባቶች በጸሎት ወይም በማዕድ ላይ ከሆኑ እስኪጨርሱ ይጠበቃል።

ሙስሊም ነኝ፤ እዚያ ባድር ይከብደኛል? ሶላትስ የት እሰግዳለሁ?

አይከብድዎትም። የተሁለደሬ ገጠር በብዛት ሙስሊም ነው፤ ከሎጁ ግቢ ሆነው ማለዳ አዛኑንም የገዳሙን ደወልም ሊሰሙ ይችላሉ፤ ለአካባቢው ሰው ሁለቱም የዕለት ሰዓቱ ናቸው። በከተማው መስጊድ አለ፤ በሎጁ ለመስገድም ንጹሕ ምንጣፍ ቢጠይቁ ያመጡልዎታል። ቂብላውን፣ ማለትም ሲሰግዱ የሚዞሩበትን የመካ አቅጣጫ፣ ማግኘት ደግሞ ከየትም ይልቅ እዚህ ቀላል ነው፦ ሐይቅና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ሊባል በሚችል ሁኔታ ስለሚገኙ ቂብላው ቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። ፊትዎን ወደ ውኃው አድርገው ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ከቆሙ፣ ቂብላው በግራ እጅዎ በኩል ይሆናል።

ጫት መቃም፣ መጠጥ፣ ሙዚቃ ይፈቀዳል?

ከማረፊያ ማረፊያ ይለያያል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ እንጂ ይዞ ገብቶ መከራከር አያዋጣም። ጫት በወሎ ከዱዓ ጋር የተያያዘ ቦታ ስላለው ብዙዎቹ አይከለክሉም፤ የሚያስቆጣቸው የተዝረከረከው ገረባ ነው። በፌስታል ሰብስበው ይጣሉት፤ ወደ ውኃው ግን በፍጹም አይጣል። ቢራ የሚሸጡ አሉ፣ የማይሸጡም አሉ። ይዘው ወደ ገዳሙ አቅጣጫ መሄድ ግን ነውር ነው፤ ጫትም እንደዚሁ።

ስለ ሙዚቃ ያለኝ አቋም የጠነከረ ነው። በአንድ ክፍል የተከፈተ ድምፅ ማጉያ ውኃው ተሸክሞት ከማዶ ይሰማል፤ ለአሥር ክፍል እንግዳና ለአንድ ገዳም መነኮሳት መርጦ መስጠት የአንድ ሰው ድርሻ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የሚጠሩት ከዚሁ ከወሎ ጋር ነው፤ የአምባሰል ተራራም እዚያው ይታያል፤ ስለዚህ ማንጎራጎር ለሚሻ ሰው አገሩ አይነፍገውም። በጉሮሮ ይሁን እንጂ በማጉያ አይሁን።

ፎቶ ማንሣትና ድሮን ማብረርስ?

ውኃውንና ተራራውን እንደ ልብ ያንሡ። ሰው ሲሆን ይጠይቁ፤ በተለይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችንና መነኮሳትን ሳያስፈቅዱ ማንሣት አይገባም። ድሮን ግን የመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ባለፉት ዓመታት በዚህ ክልል ከሰማይ የሚሰማ ድምፅ ለሰው ምን ትርጉም እንደ ያዘ የሚያውቅ ሰው ፈቃድ ቢኖረውም ቤቱ ትቶት ይመጣል።

ስለ አርዲቦ ሰምቻለሁ፤ ወደዚያ መሄድ ይሻላል?

አርዲቦ ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ያለ ታናሽ እኅቱ ነው፤ ውኃውም በወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርድ የነበረ ነው። ከሐይቅ ይልቅ ጭር ያለ ነው፤ ለዚያም ነው የሚወደደው። ለእንግዳ የተሰናዳ ነገር ግን ያንሰዋል፤ ስለዚህ ሐይቅ አድሮ፣ ምሳ ቋጥሮ፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ለቀን መሄድ እንጂ በማታ ደርሶ አልጋ መፈለግ አይመከርም።

ክፍል ይዤ ስደርስ «ለሌላ ሰጥተነዋል» ቢሉኝስ?

ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። በአንድ የበዓል ዋዜማ በስልክ ክፍል ይዤ፣ እንግዶቼን ይዤ ስደርስ፣ ስልኩን ያነሣው ልጅ ዕረፍት ወጥቷል፣ በመዝገቡም ስሜ የለም፤ ክፍሉ ቀድመው ለደረሱ ሰዎች ተሰጥቷል። ያን ሌሊት ወደ ደሴ ተመልሰን አደርን፣ ዓሣውንም ሳንበላ። በደሉን ያደረሰብን ክፋት ሳይሆን መዝገብ አለመኖር ነው፤ ትንንሽ ማረፊያዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በቃል ነውና።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው፦ ቢያንስ የአንድ ሌሊት ዋጋ በቴሌብር ወይም በባንክ አስቀድሜ እልካለሁ፤ የተላከበትን መልእክት እይዛለሁ፤ የተቀበለውን ሰው ስም እጠይቃለሁ፤ በመነሻዬ ዕለት ጠዋትም እንደገና እደውላለሁ። ለመደወል የሚያፍሩ ሰዎች አሉ፣ «አላምን አለ ይሉኛል» በማለት። ማንም እንዲህ አይልም፤ እንዲያውም የደወለው እንግዳ ዓሣ እንዲያስቀሩለት በዚያው መናገር ይችላል።

አሁን መሄድ ያስተማምናል?

ለዚህ ጥያቄ የጽሑፍ መልስ መስጠት ከሁሉም ይከብዳል፤ ዛሬ የተጻፈ ነገር በሳምንቱ ሊለወጥ ይችላልና። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ጨምሮ አካባቢውን ደርሶበታል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ አለ። ደሴ ሰላም ነው ማለት በመካከል ያለው መንገድ ሁሉ ሰላም ነው ማለት አይደለም፤ ሐይቅ ሰላም መሆኑም ስለ ገጠሩ አይመሰክርም።

ስለዚህ ሁለት ሰው ይጠይቁ። አንደኛው በመናኸሪያው የዚያን መስመር መኪና የሚነዳ ሾፌር ነው፤ መንገዱን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው የሎጁ ሰው ነው፤ ሲጠይቁት ግን «ሰላም ነው?» አይበሉት፣ እንግዳ እንዳይቀርበት «ሰላም ነው» ሊል ይችላልና። «ትናንት ከደሴ ስንት እንግዳ መጣ? በስንት ሰዓትስ ደረሱ?» ብለው ይጠይቁት። ከሁለቱ አንዱ ካመነታ ጉዞውን ያቆዩት፤ የላኩትንም ገንዘብ ለሌላ ቀን እንዲያዛውሩልዎ በዚያው ስልክ ይነጋገሩ፣ በደህና ቀን የተጠየቀ እንደ ሆነ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።